ሦስት ወር የጠበቅኩት ኢንጀክተርና አንድ ብርጭቆ አቼቶ

ሰላም ወገኖች። ቅዳሜ ዕለት ባቡሯ ሄደች! ግቢያችን ውስጥ በዘረጋሁት 12 ሜትር ሐዲድ ላይ እኔን በጋሪ አስቀምጣ ሁለት ጊዜ ደርሳ ተመለሰች። በሦስተኛው ከሰሉ አለቀ። እናቴ ደግሞ ያጠበችውን ነጠላ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ጥላሸቱን ስትራገም ነበር። ቢሆንም ሄደች።

ለማታውቁኝ፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ያለችኝ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ናት፤ የሐዲዷ ስፋት 89 ሚሊሜትር። በከተማችን የሚያልፈው የአዋሽ–ሃራ ገበያ መስመር ስፋቱ 1435 ነው፣ አስራ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። እሱ ግን የኤሌክትሪክ ነው፣ የኔዋ እሳት ትበላለች ውሃ ትጠጣለች። አጎቴ እንግሊዝ አገር ከአንድ ሽማግሌ ጋራዥ ግማሽ ጎኗ ፈራርሶ አገኛትና በሻንጣ አመጣልኝ። እሱ እዚያ ይከፍላል፣ እኔ ሰው ሲሄድ በርበሬና ሽሮ እልካለሁ። እስካሁን በሒሳብ አልተጣላንም።

የመጀመሪያውን ዓመት ባጭሩ ልለፈው። ዝገት አስለቀቅኩ። የፒስተኖቹን ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ከጭነት መኪና መለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ። ለቧንቧው ብዙ ተጨንቄ ነበር፣ ለካ ፍሪጅ የሚጠግኑት ልጆች ጋ ሞልቷል፤ የፍሪጅ የመዳብ ቱቦ በኢንች ነው የሚሸጠው፣ ሩብ ኢንቹ ልክክ አለ። ቦይለሩን (ውሃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበትን ጋን) እሳት ሳላስነካው ውሃ ሞልቼ፣ አየሩን አስወጥቼ፣ ከሚሠራበት ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ በእጅ ፓምፕ ፈተንኩት። ይቺን ፈተና መዝለል የሚፈልግ ካለ ሌላ ነገር ይሞክር። እንፋሎት ቀልድ አያውቅም።

አሁን ወደ ኢንጀክተሩ። የናፍጣ መኪና ኢንጀክተር እንዳይመስላችሁ፣ ስማቸው ነው የሚመሳሰለው። ይሄኛው ውሃ ወደ ቦይለር የሚያስገባ ዕቃ ነው። ሄንሪ ዢፋር የሚባል ፈረንሳዊ በ1858 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ሲሆን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ሦስት ሾጣጣ ቀዳዳዎች ብቻ። እንፋሎቱ በመጀመሪያው ቀዳዳ በኃይል ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይስባል፣ ውሃው ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ፍጥነቱ ደግሞ ወደ ግፊት ይለወጥና ከቦይለሩ በወጣ እንፋሎት ያው ቦይለር ውስጥ ውሃ ይገፋል። ሲሰራ አስማት ነው። የኔው ግን አይሰራም ነበር። በትርፍ መውጫው በኩል ውሃና እንፋሎት ይተፋብኛል።

ምን አደረግሁ? ሳልመረምር አዲስ አዘዝኩ። ለአቅራቢው ፎቶና «ሩብ ኢንች» የሚል መልእክት ላክሁ። ሦስት ወር ጠበቅኩ። አንዲት ነርስ ዘመዳችን በእጅ ቦርሳዋ ይዛው መጣች፣ ፈታሁት፣ ወርቅ የመሰለ ነሐስ። ዳዶውን ሳስገባው ሁለት ዙር ዞረና ቀጥ አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቁልፍ አመጣሁ። (አዎ፣ አውቃለሁ።) የዳዶውን ጥርስ ላጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ ትናንሽ የእንግሊዝ ባቡሮች ሩብ ኢንች ሁለት ዓይነት ጥርስ አለው፤ በአንድ ኢንች 32 ጥርስ እና 40 ጥርስ። የኔ 40 ነበር፣ የመጣው 32። አቅራቢው አላጠፋም፣ ሩብ ኢንች አልኩ፣ ሩብ ኢንች ላከ። ስለዚህ ስታዝዙ ፎቶውን ተዉትና ጥርስ ቁጠሩ። የጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ አሥር ጥርስ በካሊፐር ለኩ፤ 6.35 ሚሊ ከሆነ 40 ነው፣ 7.94 ከሆነ 32 ነው። ሌላም አለ፤ የእነሱ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፣ እኛ የለመድነው የሚሊሜትር ቡሎን 60። ያዳነኝ ጋሼ የምለው የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ ቶርኖው የኢንች ማርሽ ስላለው መቁረጫውን በ55 ስሎ አንድ ጫፉ 32 ሌላው 40 የሆነ መገናኛ ቀረጸልኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለ። «ባቡሯ ስትሄድ ጥራኝ» ብቻ።

ገጠምኩት። አሁንም ተፋብኝ!

ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ ሊያያት ስለፈለገ ይዣት ወጣሁ። ጠዋት ነው፣ የደሴ ብርድ ታውቁታላችሁ። ከበርሜል የቀዳሁት ውሃ እጅ ይቆርጣል። እንፋሎቱን ስከፍት ኢንጀክተሩ ፉጨት አሰማና ያዘ፤ ከትርፍ መውጫው ጠብ የሚል የለም። ጮህኩ። በማግስቱ ኮምቦልቻ ስመለስ እኩለ ቀን ላይ ሞከርኩት፣ እምቢ። ያኔ ነው የባነንኩት። የባቡሯ ውሃ መያዣ ከቦይለሩ ጎን ለጎን ነው፣ በላዩ ላይ የኛ ፀሐይ፣ ውሃው ለብ ይላል። ለብ ያለ ውሃ እንፋሎቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፣ ካላቀዘቀዘው ደግሞ ኢንጀክተሩ አይዝም። ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁበት፣ ሠራ።

እና አሮጌውስ? ይሄ ጥያቄ ሌሊቱን አላስተኛኝም። ፈታትቼ ሾጣጣዎቹን አንድ ብርጭቆ አቼቶ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ብርጭቆው ሥር ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ተከማችቷል። ቀዳዳዎቹን በመጥረጊያ ስንጥር አጸዳሁ፤ ሽቦ እንዳትከቱ፣ ትንሽ ከተጫረ አለቀለት። መልሼ በቀዝቃዛ ውሃ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ያዘ።

ከውጭ ማዘዝ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው ቶርናዶ የምትባለዋን ትልቅ ባቡር ሠርተው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲጨርሱ ቦይለሯን ያሠሩት ጀርመን አገር ማይኒንገን ነው። በሌላ በኩል አስመራ ላይ፣ የጣሊያኑ ፋብሪካ አንሳልዶ በ1938 እ.ኤ.አ. የሠራቸውን ባቡሮች ያስነሱት ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰዎች ናቸው፣ ከአሮጌ ዕቃ ለቃቅመው። እኔ ልቤ ወደ አስመራዎቹ ያደላል፤ እጄ ግን ቀድሞ ስልክ ያነሳል። አሁንም የውሃ መጠን ማሳያዋን ብርጭቆ ላዝዝ ነው። እሷን ቶርኖ ቤት አይቀርጿትም።

ከእንግዲህ የዝናብ ውሃ ነው የምሞላት፣ ያ ቅርፊት ተመልሶ እንዳይጋገርባት። ቅዳሜ የሄደችው በአሮጌው ኢንጀክተር ነው። አዲሱ መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አጎቴ ትናንት ደውሎ «የላክሁልህ ሠራ?» አለኝ። «እንዴታ፣ ሠራ» አልኩት። ደሴ ላይ ሠርቷል እኮ።