አርኬሎን በ1፡10፤ ጀርባና ደረት

አርኬሎን ከምድር የጠፋ ግዙፍ የባሕር ኤሊ ነው፤ ይኼ የአጽሙ ሞዴል ከእውነተኛው አሥር እጥፍ ያነሰ ነው። እስካሁን ያለቀው ጀርባው፣ ትከሻውና ደረቱ ነው። ሥራው የሚጀመረው የትኛው አጽም እንደሚሠራ በመወሰን ነው። ቪየና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያለው ትልቁ አርኬሎን ከአፍ እስከ ጅራት 4.6 ሜትር ገደማ ነው፤ የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆርጅ ዊላንድ በ1895 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ያገኘውና ዬል ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠው ደግሞ 3.5 ሜትር ያህል። ራሱን ከአንዱ፣ መቅዘፊያ እግሩን ከሌላው የለካ ሰው የማይመጣጠን እንስሳ ይወጣዋል። ይኼ የቪየናው ነው፤ ስለዚህ 46 ሴንቲ ሜትር።

ለአከርካሪው 2፣ ለጎድኖቹ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። አጥንቶቹ የሚቀረጹበት ኢፖክሲ ፑቲ (ሁለት ክፍሎቹ ሲታሹ የሚደርቅ ሊጥ መሰል ነገር) ልሙጥ ሽቦ አይጨብጥም፤ ከደረቀ በኋላም እንደ ቀለበት ይሽከረከራል። ሽቦውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሮ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አራርቆ መጠምጠም መፍትሔው ነው። የፑቲው ሁለት ክፍሎች ቀለማቸው አንድ እስኪሆን ይታሹ፤ መስመር የቀረበት ቦታ ሳይደርቅ ይቀራል። ጓንት አይረሳ።

ብዙ ሞዴል የሚበላሸው ጀርባው ላይ ነው። እጅ የየብስ ኤሊን ለምዷልና ድፍን አድርጎ ይሠራዋል። የአርኬሎን የጎድን ሰሌዳዎች ግን ያነሱ ናቸው፤ በጎድኖቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፣ ላዩን የሸፈነውም ቆዳ መሰል ነገር ሳይሆን አይቀርም። ስምንቱ ጥንድ ጎድኖች አከርካሪው አጠገብ ሰፍተው ወደ ጫፍ ይቅጠኑ እንጂ ሰሌዳ ከሰሌዳ አይግጠም።

ቅደም ተከተሉንም መጠበቅ ግድ ነው። የኤሊ ትከሻ ያለው ከጎድኖቹ ውስጥ ነው። ጎድኖቹ ቀድመው ከተጣበቁ ሦስት ቅርንጫፍ ያለውን የትከሻ አጥንት ማስገቢያ የለም፤ ያለው ምርጫ መስበር ነው። አከርካሪ፣ ትከሻና ዳሌ፣ ከዚያ ጎድን፣ ደረት በመጨረሻ።

ደረቱ ከሁሉ ያምራል፦ ጠርዛቸው እንደ ኮከብ የተሰነጣጠቀ አራት ትልልቅ ሰሌዳዎች፣ መሃላቸው ክፍት። የጠርዙ ጥርሶች የሚቆረጡት ፑቲው ጥፍር ሲጫነው ምልክት እየያዘ፣ ጣት ላይ ግን የማይጣበቅበት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ምላጩ ይጎትተዋል፤ ካለፈ ጫፉ ይሸራረፋል። ሲፈገፈግ በውሃ ይሁን፤ የኢፖክሲ ብናኝ ለሳንባ አይበጅም።

የቀሩት ራሱና መቅዘፊያዎቹ ናቸው። ምንቃሩ ቆልማማ ነው፤ ጥርስ የለውም። የፊት መቅዘፊያዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርሱ በእርጥቡ ይዘምማሉ፤ ስፖንጅ ላይ አስተኝቶ በሁለት ዙር ማድረቅ ይሻላል። የዬሉን የመረጠ ሰው ቀኝ የኋላ እግሩን ከጉልበት በታች ይቁረጠው፤ ዊላንድ በሕፃንነቱ የተነከሰ ነው ብሎ ገምቶ ነበር።