አውቶፓይለቱ ሰክሯል የተባለ ጊዜ

ባለፈው ሐምሌ ነው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በምሠራባት ትንሽዬ ሃንጋር። ሥራችን የትንንሽ አውሮፕላኖች ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሬዲዮ እንቀይራለን፣ ጂፒኤስ እንገጥማለን፣ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስንጎትት እንውላለን። ደንበኛው ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። አውሮፕላናቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1974 ሴስና 172፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የፈለጉት ርካሹን ነበር። ከሌላ አውሮፕላን የወረደ፣ ክንፉን ብቻ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ አሮጌ አውቶፓይለት፣ ማለትም በአብራሪው ፈንታ መሪውን የሚይዝ መሣሪያ፣ አግኝተዋል። ኢንስፔክተራችን፣ እኔ ጋሼ የምላቸው የአገሬ ሰው፣ እቃውን ገልበጥ አድርገው አዩና መልሰው ሰጧቸው። መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም፣ ደግሞም ለዚህች ሞዴል የተፈቀደ መሆኑ በወረቀት ካልታየ የፈለገውን ያህል ቢከፈለንም አንገጥመውም። «ደመና ውስጥ ገብተው ግራና ቀኙ ሲጠፋዎት፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው ክንፉንም አፍንጫውንም የሚያስተካክልልዎትን ይግዙ» አሏቸው። የጋርሚን ኩባንያው አውቶፓይለት፣ ጂኤፍሲ 500፣ እንዲህ ነው የተመረጠው። እውነቱን ለመናገር ሰውን የሚያስደነግጠው የእቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሥራው ሰዓት ሲጨመርበት ነው ጉዱ።

ወንበር ወጣ፣ ወለል ተከፈተ። ሰርቮዎቹን፣ ማለትም አውቶፓይለቱ ሲያዛቸው መሪውን የሚያንቀሳቅሱትን ሞተሮች አስሬ፣ ቀጫጭን ኬብሎቻቸውን ከዋናዎቹ የመሪ ኬብሎች ጋር አቆንጥጬ፣ ውጥረታቸውን ለክቼ፣ ማግኔቶሜትሩን ከግራ ክንፍ ጫፍ አጠገብ ሰቀልኩ። ይቺ ትንሽ ሳጥን ናት ለአውሮፕላኗ ሰሜኑ ወዴት እንደሆነ የምትነግራት። በዙሪያዋ ማግኔት የሚስበው ብረት አትወድም፣ የራሷም ማሰሪያ ናስ ነው። ከዚያ መብራቱን እያበራሁ እያጠፋሁ፣ መሪውን ወዲያ ወዲህ እያልኩ የማግኔት ረብሻ መኖር አለመኖሩን ፈተሽኩ። ንጹሕ። ስክሪኑ ላይ ያለውን፣ አውቶፓይለቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚታዘዝበትን የአቅጣጫ ምልክት ወደ ግራ ሳዞር መሪው ወደ ግራ ሄደ፣ ይህን ሳያይ የሚያስረክብ ሰው ከኔ ጋር አይሥራ። ወረቀቱ ተፈረመ፣ ሐኪሙ ይዘዋት ሄዱ።

በሳምንቱ ተመለሱ። «ሰክሯል» አሉ።

ወደ ሰሜን ሲሄዱ ወደ ግራ ይስባቸዋል። ሲመለሱ ደግሞ ወደ ቀኝ። እኔ ወዲያው ሰርቮው ላይ ፈረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ወለሉን ከፍቼ ኬብል ለካሁ፣ መሰኪያ ነቅዬ ሰካሁ፣ ሶፍትዌሩን አየሁ፣ ምንም የለም። አዲስ ሰርቮ ለማዘዝ ስልኩን ሳነሳ ጋሼ መጡ።

«በጂፒኤስ መስመሩ ሲሄድስ?»

«እሱማ ክር ነው።»

«እና ሰርቮው ምን አደረገህ?»

ክው አልኩ። ሰርቮው ያው አንድ ነው። መስመር ሲከተል የሚያምነው ጂፒኤሱን ነው፣ በአቅጣጫ ምልክት ሲሄድ ግን ማግኔቶሜትሩን። ወዲህ ሲሄድ ግራ ወዲያ ሲሄድ ቀኝ የሚያሳስት ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠ ብረት ነው፤ መጽሐፉም ይለዋል፣ አንብቤዋለሁም።

ጋሼ ከኪሳቸው የተራራ ተጓዦች የሚይዟትን ርካሽ ኮምፓስ አወጡ። በክንፉ ጫፍ ክዳን ላይ ቀስ እያሉ አሻሹዋት። መርፌዋ ዝም፣ ዝም፣ ዝም... ከኋላ በኩል አምስተኛው ቪት ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ስድስተኛው ላይም እንዲሁ።

«እነዚህን ከየት አመጣሃቸው?»

ትዝ አለኝ። አርብ ማታ ነው። ክዳኑን ስዘጋ ካቻቪቴዬ አዳልጦኝ የሁለት ቪቶች አናት ተበላ፣ እኔም ኪሴን ዳብሼ ያገኘሁትን ሁለት አሰርኩ። መልካቸው ማግኔት ከማይስበው ከስቴንለሱ አይለይም፣ ግን ማግኔት የሚስበው ተራ ብረት ናቸው። ፈተናውን የሠራሁት ደግሞ ክዳኑ ክፍት ሳለ ነው፣ ከዘጋሁ በኋላ አልደገምኩትም። በላብ ታጠብኩ፣ ያለማጋነን።

የሚጮሁብኝ መስሎኝ ነበር። «ፊርማው የኔም ነው» ብለው ካቻቪቴውን ተቀበሉኝና ሁለቱን ራሳቸው ፈቱ። ትክክለኞቹን አሰርን፣ ክዳኑ ተዘግቶ እያለ ፈተናውን ከመጀመሪያው ጀምረን ሠራን፣ አቅጣጫውንም እንደገና አስተካከልን። የሁለቱ ቀን ሥራ ሒሳብ ላይ አልገባም። ሐኪሙ በማግስቱ ከአየር ሲወርዱ «ልቡ ተመለሰለት» አሉና ምን እንደነበር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው፣ የኔ ቪት እንደነበረም ጭምር። ትንሽ ዝም ብለው «እኔም የተሳሳተ ጥርስ ነቅዬ አውቃለሁ» አሉኝ።

ኮምፓሷን ጋሼ በሲባጎ አስረው የመሣሪያ ሳጥኔ እጀታ ላይ አንጠለጠሏት። እስካሁን መልሷት አላሉኝም።