የውሻ ጥፍር ሲሰበር ከደሙ ይልቅ ፋሻውን ፍሩ

የውሻ ጥፍር ሲሰበር ሰው የሚደነግጠው በደሙ ነው። ሴራሚክ ላይ ሲንጠባጠብ በግ የታረደ ይመስላል። ጤነኛ ውሻ ግን በአንድ ጥፍር ደሙ ፈሶ አያልቅም። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ከደሙ በኋላ የመጣው የፋሻ ጣጣ ነው፤ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ውሻውም እኔም ግማሹን መከራ ባላየን ነበር። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፌ ፋሻው ላይ እቆያለሁ።

ጥፍሩ ከውጭ ደረቅ ቅርፊት ነው። በውስጡ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሥጋ አለ፤ ከዚያ ሥር የጣቱ የመጨረሻ አጥንት ይገኛል። ጫፉ ብቻ ተቆርሶ ደም ከሌለ ሻካራውን በሞረድ አለስልሱና ተዉት። ሥጋው ከታየ፣ ወይም ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ከተንጠለጠለ ግን ሥራ አለባችሁ።

መጀመሪያ አፉን እሰሩ። እጃችሁ ላይ ያደገ ውሻም ቢሆን ሲያመው ይነክሳል። አንድ ሜትር ያህል ፋሻ ወይም የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ይበቃል፤ አፉ ላይ ጠምጥማችሁ ከላይ አንዴ ቋጥሩት፣ ከአገጩ ሥር አቋርጡት፣ ከጆሮው ጀርባ ቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት። አፍንጫው ጠፍጣፋ ለሆነ ወይም ለሚያስመልሰው ውሻ ይህ አይሆንም፣ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። «የራሳችን ውሻ ነው» ማለት ከእብድ ውሻ በሽታ አያድንም፤ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱና ውሳኔውን ለባለሙያው ተዉለት።

ደሙን ለማቆም ንጹህ ጎዝ ወይም ጨርቅ አድርጋችሁ ሳታነሱ 5 ደቂቃ ጫኑ። እያነሱ ማየት የረጋውን ደም መንቀል ነው። የሚደማው በመቁረጫ የተነካ የጥፍር ጫፍ ከሆነ፣ ሱፐርማርኬት ኮርን ፍላወር ተብሎ የሚሸጠውን የበቆሎ ስታርች መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ጥፍሩን ንከሩበትና ጫኑት። ተቀዶ የተከፈተ ሥጋ ላይ ግን ዱቄት አታድርጉ፤ ሊጥ ሆኖ ከቁስሉ ጋር ይቀመጣል። ቡና መነስነስ የለመድነው ነገር ነው፣ ለውሻ ግን ይቅር። ቁስሉን ማቆሸሹ ሳያንስ ውሻው ይልሰዋል፣ ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። በደንብ ተጭኖ ከ15 ደቂቃ በኋላም የማያቆም ደም ካለ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሰሞኑን ግቢው ውስጥ የአይጥ መርዝ ተበትኖ ከነበረ ለሐኪሙ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከመርዞቹ መካከል ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ አሉ።

የተንጠለጠለው ቅርፊት መነሳት አለበት። «ራሱ ደርቆ ይወድቃል» የሚለውን ምክር አልወደውም፤ እስኪወድቅ ድረስ ውሻው በተራመደ ቁጥር ቅርፊቱ ሥጋውን እየሳበ አዲስ ቁስል ይከፍታል። በቀጭን ክር ብቻ ተይዞ ከሆነ በስለታም የውሻ ጥፍር መቁረጫ፣ ከስብራቱ ትንሽ ወደ እግሩ በኩል፣ በአንድ ምት ቁረጡ። ከሥሩ አጥብቆ የተያዘ ከሆነ ወይም ውሻው ማስነካት እንቢ ካለ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ይሄ ማደንዘዣ የሚፈልግ ሥራ ነው። በፒንሳ ይዞ መንቀል ጥፍሩን ይጨፈልቀዋል፣ ስንጥቁንም ወደ ሥሩ ይገፋዋል።

ለማጠብ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው። እግሩን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ከማሻሸት ይሻላል። ፖቪዶን አዮዲን ካላችሁ ስስ ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኑት። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሊድን የሚሞክረውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ጂቪ የሚባለው ወይን ጠጅ የቁስል ቀለምና ለከብት የሚረጨው ሰማያዊ ስፕሬይ ደግሞ ቁስሉን ቀለም ስለሚያለብሱት ይቅላ፣ መግል ይያዝ ማየት አትችሉም።

አሁን ፋሻው። እኛ የወሰድንበት ክሊኒክ ጥፍሩን ሲያነሳ እንከን አልነበረበትም፤ አደንዝዞ፣ በአንድ ምት ቆርጦ፣ አጥቦ ጨረሰ። ከዚያ ደረቅ ጎዝ በቀጥታ ሥጋው ላይ ተደረገ። በላዩ የሚለጠጥ ፋሻ እየተሳበ ተጠቀለለ፣ ጣቶቹ በሙሉ ተሸፈኑ፣ ፋሻው ከመዳፉ በላይ ያለው ቀጭን ቦታ ላይ ሲያልቅ በፕላስተር ዙሪያውን ተጠፈረ። «እንዳይቆሽሽ ለአምስት ቀን አትክፈቱት» ተባልን። ሲከፈት ጎዙ የረጋውን ሁሉ ይዞ ተነሳ። በጣቶቹ መሃል ያለው ቆዳ ነጭና ልስልስ ሆኖ ይሸታል፣ ፕላስተሩ ከታሰረበት በታች እግሩ አብጧል። ለመዳን ጊዜ የፈጀው ጥፍሩ ሳይሆን ይሄ የፋሻ ቁስል ነበር። ተመልሰን ስንጠይቅ «ውሻው ስለላሰው ነው» አሉን። በፋሻ የተጠቀለለ ጣት እንዴት እንደሚላስ እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ደረቅ ጎዝ ቁስሉ የሚያወጣውን ፈሳሽ መጥጦ አብሮት ይደርቃል፤ በተከፈተ ቁጥር አዲሱን ሥጋ ይልጣል። ስለዚህ ቁስሉ ላይ የሚያርፈው ፋርማሲ ለቃጠሎ የሚሸጠው ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ ይሁን፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይበቃል። በላዩ ደረቁ ይሆናል።

ቀጥሎ ጥጥ። ውሻ መዳፉ ያልበዋል፤ ጣቶቹ ተጣብቀው ከታሰሩ ላቡ መውጫ ያጣና ቆዳው ይበሰብሳል። በእያንዳንዱ ጣት መሃል ስስ ጥጥ አስገቡ፣ ከላይ ያለችውንና መሬት የማትነካውን የጎን ጣትም አትርሱ፤ እሷ ላይ ፋሻው በቀጥታ ካረፈ ጥፍሯ ቆዳውን ይወጋል። ጥጡ ግን አይብዛ፤ ጣት ሲበረግድ እሱም ያማል።

የሚለጠጥ ፋሻ ለሰው ቁርጭምጭሚት ጥሩ ነው፤ ለውሻ መዳፍ ያለ ልምድ አይያዝም። እያንዳንዱ ዙር በፊተኛው ላይ ጥብቀት ይጨምራል፣ ሲያስሩት የላላ የመሰለው በአራተኛው ዙር ማነቂያ ይሆናል። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ የጎዝ ፋሻ ይሻላል። ከሚለጠጠው ሌላ ካጣችሁ ግን መጀመሪያ ከጥቅሉ ላይ ፍታችሁ እንዲላላ አድርጉና ሳትስቡ አልብሱት። ሁልጊዜ ከጣት ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እየሸፈነ። ከላይ ወደ ታች ከተጠቀለለ ፈሳሹ ጣቶቹ ውስጥ ይጠራቀማል።

የሚያልቅበትም ቦታ ወሳኝ ነው። ከመዳፉ በላይ ያለው ቦታ ቀጭን ስለሆነ እዚያ ያለቀ ፋሻ ወይ ይንሸራተታል ወይ እንዳይንሸራተት ሲባል ይጠብቃል። የፊት እግር ከሆነ አንጓውን አልፎ ክንዱ ግማሽ ድረስ፣ የኋላ ከሆነ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ይውጣ። ከላይ ሁለት ጣት ሳይታገል መግባት አለበት። ፕላስተሩን ዙሪያውን አትጠፍሩት፤ ቁራጭ ቁራጩን በቁመት ለጥፉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱን መካከለኛ ጥፍሮች ከፋሻው አስወጡ። ጤነኛ እግር ላይ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይታያሉ። ፋሻው ሲጠብቅ ጣቶቹ ያብጡና ጥፍሮቹ ይራራቃሉ፤ ጠዋት ያልነበረ ክፍተት ማታ ካያችሁ ሌላ ምልክት አትጠብቁ፣ ፍቱት። ጣቶቹን ንኩ፤ ከሌላው እግር ይልቅ ከቀዘቀዙም እንደዚያው። የተሰበረው ከሁለቱ አንዱ ከሆነ መሸፈኑ ስለማይቀር፣ የአጠገቡን ጣት ጫፍ አሳዩና ቶሎ ቶሎ ክፈቱ።

«አምስት ቀን አትክፈቱ» የሚለው የተሰፋ ቁስል ወይም የአጥንት ቀዶ ጥገና ካለ ምክንያት ይኖረዋል፤ ያኔ የሐኪሙን ትእዛዝ ጠብቁ። ለተራ የጥፍር ስብራት ግን በየቀኑ ይከፈታል፣ ከረጠበ ደግሞ በዚያው ሰዓት። እኔ ፋሻውን ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ባዶውን፣ ውጭ ሲወጣ በንጹህ የጥጥ ካልሲ። በክረምት ፌስታል ማልበስ ይቻላል፤ ከውጭ ሲመለስ ግን ወዲያው ይውለቅ፣ ታስሮ ያደረ ፌስታል እግሩን ይቀቅለዋል። ውሻ ተረጋግቶ ቆይቶ ድንገት ፋሻውን መንከስ ከጀመረ አትቆጡት። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ልክ ነው።

ባዶ እግሩን ሲሆን እንዳይልስ የአንገት ኮን፣ ማለትም አንገቱ ላይ የሚታሰር ሾጣጣ ከለላ፣ ያስፈልጋል። ካጣችሁ የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን በአንገቱ ልክ ቆርጣችሁ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ዙሪያውን ቀዳዳ አበጅታችሁ ከአንገት ማሰሪያው ጋር እሰሩት። ከአፍንጫው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ካላለፈ ዋጋ የለውም። ሲበላና ሲጠጣ እያያችሁ አውልቁለት።

ለሕመሙ ከቤት መድኃኒት አትስጡ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ፓራሲታሞል ልኩን ካለፈ ጉበቱን። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ በኪሎው ተሰልቶ ከእንስሳት ሐኪም ይገኛል። አንቲባዮቲክ ግን ለእያንዳንዱ የተሰበረ ጥፍር መታዘዙ አይዋጥልኝም፤ የተከፈተው ሥጋ ንጹህ ከሆነና በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ እየጠነከረ ከሄደ ውሃና ጨው ይበቃዋል። ጣቱ ካበጠ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ ማነከሱ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ ግን ኢንፌክሽኑ አጥንቱ ጋ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ራጅ ይጠየቃል። በዕድሜ የገፋ ውሻ ጥፍሩ ያለ ግጭት ከወደቀና ጣቱ ካበጠ ዕጢም ሊሆን ይችላል። በተለያየ እግር ላይ ብዙ ጥፍር ተከታትሎ ከወደቀ፣ በተለይ በጀርመን ሸፐርድ፣ የሰውነቱ መከላከያ ራሱ ጥፍሩን የሚያጠቃበት በሽታ አለ፤ ያ በመቁረጫ የሚፈታ አይደለም።

አዲሱ ጥፍር ሙሉ እስኪሆን ወራት ይወስዳል፤ ጠማማ ሆኖ ቢወጣም አይግረማችሁ።

እንዳይደገም፣ ግቢያችሁን እዩ። ቀን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ጥፍሩ የሚሞረድበት የለም፣ ይረዝማል። ማታ ሲፈታ ሮጦ የቆርቆሮውን በር ይቧጥጣል፤ ጥፍሩ በበሩና በመሬቱ መሃል ወይም በኮብልስቶን ክፍተት ተይዞ ይሰበራል። የበሩን የታችኛ ጠርዝ እጠፉ፣ የፍሳሽ ክዳኑን ቀዳዳ ድፈኑ፣ የተቆረጠ የሽቦ አጥር ጫፍ አትተዉ። ቆሞ ሳለ ጥፍሩ መሬት መንካት የለበትም፤ ሴራሚክ ላይ ሲራመድ ጥፍሩ ከተሰማችሁ ረዝሟል።

በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ በመቀስ ቅርጽ ባለ ስለታም መቁረጫ፣ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ። የሰው ጥፍር መቁረጫ የውሻን ክብ ጥፍር ይጨፈልቅና ይሰነጥቀዋል፤ የደነዘዘም እንደዚያው። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዙ ሥጋ ከውጭ ይታያል። ጥቁር ከሆነ በቆረጣችሁ ቁጥር የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ፤ መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ነጥብ ሲታይ አቁሙ። በጣም የረዘመውን በአንድ ቀን ለማሳጠር አትሞክሩ፣ ሥጋውም አብሮ ረዝሟል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሲቆረጥ ሥጋው ወደ ኋላ ይሸሻል።

ብዙ ሰው የሚረሳው መሬት የማትነካውን የጎን ጥፍር ነው። የምትሞረድበት ስለሌለ ክብ ሠርታ ወደ መዳፉ ትገባለች፣ ፀጉር ሥር ስለሆነች ደግሞ እስኪሸት አትታይም። ፀጉራም ውሻ ካላችሁ ዛሬውኑ በጣታችሁ ዳብሷት፤ የኋላ እግራቸው ላይም ይህችን ጥፍር ይዘው የሚወለዱ ውሾች አሉ።