የትኛው ካሬ?

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ባለሙያ ላፕቶፑን ሳይከፍት የሚፈልገውን ነገረኝ፤ በጅማ የመርካቶና የቂጦ ፉርዲሳ ሰፈር ቤቶች አማካይ የካሬ ዋጋ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ገጽ። ለብድር ዋስትና ግምት ነው። ጅማን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር።

«የሽያጭ ውሎችን ሰብስብ» አለኝ። ሰበሰብኩ። በውሎቹ ከሄድን መርካቶ አስፋልት ዳር ያለ ሱቅ ቤት ከቂጦ ጓሮ ሰርቪስ ረክሶ ተሽጧል። ለግብር የሚጻፈውና እጅ በእጅ የሚቆጠረው ለየቅል መሆኑን የማያውቅ ገማች የለም። እሱ ግን «ዳታ ዳታ ነው» አለ።

ክርክሩ ሲሰለቸኝ ሐጂ ዘንድ ወሰድኩት። ሐጂ መርካቶ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ግማሽ ከተማውን ያሻሻጡ ደላላ ናቸው።

«ሐጂ፣ እዚህ በካሬ ስንት ነው?» አለ ባለሙያው።

«የትኛው ካሬ?»

«አማካዩ።»

ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ የፊቱ ካሬ ሱቅ ነው፤ የኋላው ሽንት ቤት ነው። ደምረህ ለሁለት ብታካፍለው ማን ይገዛሃል?»

ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ሰውየው ግን ጻፈ! ምን እንደጻፈ እስካሁን ይገርመኛል።

«ቂጦስ?»

«እዚያ ክፍሉ ስንት ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ተከራዩ የዩኒቨርሲቲው ደሞዝተኛ ነው። በ2012 በኮሮና ትምህርት ሲዘጋ ያንን ሁሉ ክፍል ማን ዞር ብሎ አየው? እዚህ ደግሞ ቡና ነው። ቡና ተሸጦ ብር ሲገባ ና፣ አንድ ዋጋ እነግርሃለሁ። ሐምሌ ና፣ ሌላ።»

ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ከሐምሌ 1967 ወዲህ፣ በአዋጅ 47/67፣ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው፤ የሚሸጠው ከላዩ ያለው ቤት ነው። እንደዚያ ከሆነ የመርካቶ ጭቃ ቤት ዋጋው የእንጨትና የዛገ ቆርቆሮ ነው። ሰው ግን ያንን ቤት በሚሊዮን ገዝቶ በሳምንቱ ያፈርሰዋል። እኛም ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ወለል ብለን በወግ ከቆጠርን በኋላ ዋናውን ዋጋ «የአካባቢ ማባዣ» በምትባል፣ ዋጋውን እንደ ሰፈሩ በምታበዛ መስመር ሾልከን እናስገባለን። አንዱ ከሊዝ በፊት የተያዘ ነባር ይዞታ፣ ሌላው ከመንግሥት በውል ለተወሰነ ዘመን የተያዘ ሊዝ ሲሆን ደግሞ ማወዳደሩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ይህንን ሁሉ በማስታወሻ አያይዤ ሰጠሁት። ሪፖርቱ ሲመጣ ማስታወሻዬ የለም፤ ሁለት ቁጥር አለ፣ እስከ ሳንቲሙ። አለቆች ወደዱት መሰለኝ፣ ባለሙያው ብዙም ሳይቆይ አደገ።

አሁን የግምት ቅጻችን ላይ «የአካባቢው አማካይ የካሬ ዋጋ» የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ ከሆነ ፋይሉ አያልፍም። ፋይል ሲመጣ ሐጂ ጋ እደውላለሁ። «የትኛው ካሬ?» ይላሉ፤ የፊቱን እላቸዋለሁ፤ የነገሩኝን እሞላለሁ።