ሦስት ጊዜ ነበር፣ ዶክተሯን ግን «አንድም የለም» አልኳት

የወር አበባዬ ድሮ 5 ቀን ነበር የሚቆየው። ከሦስተኛው ውርጃ በኋላ ግን አንድ ቀን ተኩል ሆነ፣ እሱም ጠብ ጠብ የሚል ነገር፣ አንድ ሞዴስ እንኳን ሳይሞላ የሚያልቅ። እኔ ደሞ አቦ ደስ ነው ያለኝ፣ በድሬ ሙቀት ሞዴስ አድርጎ መዋል ምን እንደሆነ የምታውቂ ታውቂዋለሽ፣ ተገላገልኩ ብዬ ዝም አልኩ። ምልክት መሆኑን ያወቅኩት ከስንት አመት በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ኮሌጅ እያለሁ ነው፣ 19 አመቴ፣ በኪኒን፣ ገና በጊዜው፣ ሀኪም እያየኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ጣጣው ሁለተኛው ነው። 22 አመቴ ነበር፣ ሰፈሩ እንዳያውቅብኝ ብዬ ታፔላ የሌለው ቤት ሄድኩኝ። አልጋው ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰ ነው፣ ስነሳ ጀርባዬ በላብ ተጣብቆበት እንደ ፕላስተር ሲላቀቅ እስካሁን ይሰማኛል። ሰውዬው በብረት ነው የጠረገኝ፣ እየተጣደፈ፣ ውጪ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ። ሲጨርስ ካርድ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ ብሩን ተቀበለ በቃ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ መጣ፣ ሀኪም ጋ ብሄድ «ምን አረግሽ» ይሉኛል ብዬ ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊን ገዛሁ፣ ትንሽ ሲሻለኝ እሱንም ሳልጨርስ ተውኩት።

ለምን መከላከያ አልጀመርሽም ትሉኝ ይሆናል። እኛ ሰፈር «መርፌ ማህፀን ያደርቃል» ሲባል ነው ያደግኩት፣ ሴቶቹ ቡና ላይ የሚያወሩት እሱን ነው፣ እኔም አምኜ ፈራሁ። የ3 ወር መርፌ ካቆሙት በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል እንጂ መሀን አያደርግም፣ ይሄን አሁን ነው የማውቀው። ከውርጃ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ እንቁላል ሊወጣ እንደሚችል፣ መከላከያም እዛው በዛው ቀን መጀመር እንደሚቻል የነገረኝ የለም። በ4 ወሬ ድጋሚ አረገዝኩ፣ ድጋሚ እዛው ቤት፣ ድጋሚ በብረት።

ከዛ አገባሁ፣ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ገባን፣ አንድ አመት ሞላ ምንም የለም። ሐኪሞች ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክረሽ ካልመጣ ተመርመሩ ይላሉ፣ ሄድኩ። ግን የባሌ እህት አብራኝ ገባች፣ ዶክተሯ «ከዚህ በፊት እርግዝና ነበረሽ?» ስትለኝ እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላለች፣ «ኧረ አንድም የለም» አልኩኝ። ያቺ ቃል አንድ አመት ተኩል በላችብኝ። ሆርሞን ታየ፣ ደህና፣ አልትራሳውንድ ታየ፣ ደህና፣ ቫይታሚን ፎሊክ ምናምን እየተሰጠኝ ወደ ቤት። የምትፈልገውን ሳልነግራት ምን ታግኝ?

ሌላ ሀኪም ጋ ብቻዬን ስሄድ ሁሉንም አወራሁት። ሰውየው ፊቱ እንኳን አልተቀየረም፣ የወር አበባሽ መጠን ቀንሷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ በማግስቱ ሳይሆን የወር አበባዬ ካበቃ በኋላ ባሉት ቀናት ኤችኤስጂ የሚሉትን ራጅ አዘዘልኝ፣ ቀለም በማህፀን በኩል እየገባ የሚነሳውን። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አሳየኝ። ማህፀን እዛ ላይ ነጭ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ነው የሚታየው፣ የኔ ግን መሀሉ ላይ አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስላል፣ ቀለሙ ያልገባባቸው ጥቁር ጥቁር ቦታዎች። ግድግዳው እርስ በርሱ ተጣብቋል አለኝ፣ አሸርማን ሲንድረም ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1948 በደንብ አድርጎ በጻፈው ሀኪም ስም ነው የሚጠራው።

የገባኝን ልጻፈው። በስነስርአቱ የተሰራ፣ ኢንፌክሽን ያላስከተለ ውርጃ ብዙ ጊዜ መውለድ አይከለክልም። ማህፀን በስለት ሲፋቅ ግን፣ በተለይ ሲደጋገም፣ የውስጡ ሽፋን ይጎዳና ጠባሳ ይሰራል፣ ለዛ ነው የአለም ጤና ድርጅት በኪኒን ወይም በቫኪዩም፣ በመምጠጫው ማለት ነው፣ ይሁን፣ በብረት መፋቁ ይቅር የሚለው። ሌላው መንገድ ኢንፌክሽን ነው፣ ወደ ላይ ወጥቶ እንቁላል የሚያልፍበትን ቱቦ ይዘጋል ወይ ያጠበዋል፣ ከዛ ወይ አታረግዢም ወይ እርግዝናው ቱቦ ውስጥ ይቀራል፣ እሱ ደሞ ህይወት የሚቀጥፍ ነው። ስለዚህ «ሁለቴ አስወርጃለሁ፣ በቃ አልወልድም ማለት ነው?» ብለሽ የምታለቅሺ እህቴ፣ ቁጥሩ ብቻውን አይነግርሽም። ትኩሳት ነበረሽ? ሽታ? የወር አበባሽ አነሰ? ጠፋ? እሱን ይዘሽ ሂጂ። አሁን ያስወረድሽ ደሞ ትኩሳት ካለሽ ወይ በሰአት ሁለት ሞዴስ እየሞላ ሁለት ሰአት ከቆየ ነገ አትበይ።

ህጉንም አላውቅም ነበር። ከ1997 ጀምሮ በሚሰራው የወንጀል ህግ አንቀጽ 551 ላይ የተደፈረች፣ ከዘመድ ያረገዘች፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰች፣ ጤናዋ ወይ ህይወቷ አደጋ ላይ ያለ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት ሴት ጤና ተቋም ውስጥ እንድትስተናገድ ይፈቀዳል። ለተደፈረች የራሷ ቃል በቂ ነው። ስንቷ ልጅ ይሄን ሳታውቅ ታፔላ የሌለው ቤት ትሄዳለች።

ለባሌ የነገርኩት ማታ ነው፣ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎን በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን። ብዙ ዝም አለ። ከዛ «አሞሽ ነበር?» አለኝ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። በሳምንቱ የራሱን የዘር ምርመራ ሄዶ አሰራ፣ እኔ ሳልለምነው። ኧረ ወንዶችም ተመርመሩ፣ ችግሩ በነሱም በኩል ሊሆን ይችላል፣ ምርመራው ደሞ ከኛው ሁሉ ቀላል ነው።

አሁን አዲስ አበባ ቀጠሮ አለኝ፣ ጠባሳውን በካሜራ እያዩ የሚቆርጡበት ህክምና ነው። ተስፋ አለው ብለውኛል፣ ቃል ግን አልገቡልኝም፣ ካረገዝኩም ጥብቅ ክትትል ያስፈልገኛል። የድሮ ካርዶችሽን ይዘሽ ነይ ተብያለሁ። ካርድ የለኝም። ትላንት ማታ ከደብተር አንድ ወረቀት ቀድጄ በእጄ ጻፍኩት፣ 19 አመት፣ በኪኒን፣ ደህና። 22 አመት፣ በብረት፣ ትኩሳት። ከ4 ወር በኋላ፣ በብረት። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ፣ መታወቂያዬ ጎን ከትቼዋለሁ።