«እሳቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ»

ቶዮታ ቪትዟ ወደ ጋራዣችን ተመልሳ መጣች። እሳት የሚጭሩት አራቱም ካንዴላዎች ተቀይረዋል፣ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ታጥበዋል፣ አየር የሚያስገባው ትሮትል ተጠርጓል። የባለመኪናዋ ሴትዮ ስሞታ ግን ያው የመጀመሪያው ነው፦ «ቆማ ስትሠራ ደህና ናት። ሰው ጭኜ ዳገት ላይ ስረግጣት ትንዘፈዘፋለች፤ የሞተሩ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል።»

ሴትዮዋ ምርመራውን ጨርሳ ሰጥታን ነበር። የሚሰማት ግን አልተገኘም።

ረዳቱ ልጅ ስካነሩን ሰክቶ የስሕተት ኮድ ፒ0303 አነበበ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። «ጋሼ፣ የሦስተኛውን ቦቢና ከአንደኛው ጋር ብናቀያይረውስ?» አለ። ቦቢና 12 ቮልቱን ካንዴላው ላይ እሳት ወደሚያዘልል ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀይር ጥቅል ሽቦ ነው።

«ቦቢናውን ተወው። ባለፈው ሞተሩ እየሠራ ነቅዬ እሳቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለው ዋናው መካኒክ። «እኔ ሞተር ስፈታ አንተ አልተወለድክም።» ልጁ ዝም አለ።

ያ መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ጥያቄው ትክክል ነበርና። በድሮዎቹ መኪኖች፣ በፑንቲናና በዲስትሪቢዩተር ዘመን፣ አንድ ቦቢና ለአራቱም ሲሊንደር ይሠራ ስለነበር ገመድ ነቅሎ እሳት ማየት ያስኬዳል። በዚህች 1,500 ሲሲ 1ኤንዜድ ሞተር ላይ ግን እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ቦቢና አናቱ ላይ ተቀምጦበታል፤ የሚያበራና የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክስም እዚያው ውስጡ ነው። ወደ ቦቢናው አራት ሽቦ ይገባል፦ 12 ቮልት፣ መሬት፣ ኮምፒውተሩ «አቃጥል» የሚልበት አይጂቲ እና ቦቢናው «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልስበት አይጂኤፍ። ሞተሩ እየሠራ ቦቢናውን ከካንዴላው ካራቁት ከፍተኛው ቮልቴጅ መውጫ ያጣና የራሱን መከላከያ በስቶ ሊወጣ ይችላል። ኢንጀክተሩም መርጨቱን ስለማያቆም ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ገብቶ ይነዳል። መብራቱ ዝም ብሎ ከመብራት ይልቅ ብልጭ ድርግም ሲል የሚያስጠነቅቀውም ይህንኑ ነው፤ እንዲህ እያለ መንዳት አይገባም።

ደግሞስ የታየው እሳት ምን ያረጋግጣል? በውጭ አየር ላይ የዘለለ እሳት ሲሊንደር ውስጥም ይዘላል ማለት አይደለም። አየሩ በተጨመቀ ቁጥር ያንኑ የካንዴላውን የ1.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ትሮትሉ ዝግ ነው፣ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ የደከመ ቦቢናም ይበቃዋል። ዳገት ላይ ሲረገጥ ሲሊንደሩ በአየር ይሞላል፤ ያኔ ቮልቴጁ ክፍተቱን መዝለል ሲያቅተው ካንዴላውን በሚያቅፈው በተሰነጠቀው የቦቢና ጎማ በኩል ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ራስ፣ ያመልጣል። «ቆማ ደህና ናት» ያለችው ይህንን ነበር።

ኮዱም ቢሆን ይናገራል። 0303 ብቻውን መጥቶ የሦስተኛው ቦቢና የኤሌክትሪክ ዑደት ችግር አለበት የሚለው 0353 ካልመጣ፣ የቦቢናው ኤሌክትሮኒክስ መልስ እየሰጠ ነው። አይጂኤፍ ግን የሚመሰክረው ስለ ዝቅተኛው ቮልቴጅ ጥቅል ብቻ ነው፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ የት እንደገባ አያውቅም። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ቦቢና አላለም» ብሎ ቦቢናውን ነጻ ማውጣት አይቻልም።

ዋናው መካኒክ ዕቃ ሊገዛ ሶማሌ ተራ በሄደበት ልጁ እንደ ደንቡ ሠራው። ቁልፍ አጠፋ፣ የሶኬቱን መቆለፊያ ተጭኖ አላቀቀ፣ 10 ቁጥሯን ብሎን ፈታ። ጎማው ካንዴላው ላይ ስለሚጣበቅ ቦቢናውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ አዙሮ ነው ወደ ላይ የሳበው፤ በሽቦው የሚስብ ሰው ሶኬቱን ይሰብራል። ሦስተኛውን ከአንደኛው ጋር አቀያየረ፣ ኮዱን አጠፋ፣ ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ ዳገት ወጣ። ሲመለስ ኮዱ ፒ0301፣ ማለትም አንደኛው ሲሊንደር፣ ሆኗል። ችግሩ ቦቢናውን ተከትሎ ሄደ። ኮዱ 0303 ላይ ቢቀር ኖሮ ቀጥሎ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን፣ በመጨረሻም ኮምፕረሽኑን ማየት ነው።

የቦቢናው ጎማ ላይ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ነበረች፤ በአዲሱ ካንዴላ ነጭ ሸክላ ላይም ያችው መስመር ወጥታለች። አንዱ ብቻ ቢቀየር አሮጌው መስመር አዲሱን ያበላሸዋል፣ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የሦስተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ደግሞ ዘይት ይዟል። የቴስታታው ክዳን ጎማ ደርቆ ዘይቱ ወርዷል፣ የቦቢናውን ጎማ ያላሸቀውም እሱ ነው። የክዳኑ ጎማ ሳይቀየር አዲስ ቦቢና መግጠም ገንዘብ መጣል ነበር።

ዋናው መካኒክ ተመልሶ አየና «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ልጁን አላመሰገነውም። ሴትዮዋ የቦቢናውን፣ የካንዴላውንና የክዳን ጎማውን ዋጋ ከፈለች፤ ይህ ተገቢ ነው። መጀመሪያ ለኢንጀክተር እጥበትና ለትሮትል ጠረጋ የከፈለችው ግን አልተመለሰላትም። ሊመለስላት ይገባ ነበር።