ቅዳሜ የሚሠራ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚያግዝ፦ የጓሮዬ ሥራዎች

ከሰኞ እስከ አርብ ሥራ ላይ ነኝ። ለጓሮዬ የሚተርፈኝ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ያለው ጥቂት ጊዜና ማታ ሳይጨልም ከደረስኩ የማገኘው ብቻ ነው። ዶሮ ደግሞ በሥራ ቀንም ይጠማታል። ችግኝም ቅዳሜ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ የእረፍት ቀን ሥራዬን የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይሄን ብሠራ ከሰኞ እስከ አርብ የትኛው ድካም ይቀርልኛል? ጥሩ መልስ ያለው ሥራ ይቀድማል። ለማማር ብቻ የሚሠራው ተራውን ይጠብቃል።

መጀመሪያ የሠራሁት የዶሮ ቤቱን ነው። ዶሮዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ጫጩት ወይም ቄብ ሲያይ ይጓጓና ይገዛል፣ ቤቱን በኋላ እደርስበታለሁ ይላል። እኔ ይሄን አልመክርም። ነፍስ ያለው ነገር ወደ ግቢ የሚገባው የሚያድርበት ቦታ፣ የሚጠጣው ውሃና የሚቆለፍ በር ሲኖረው ነው።

ልኬቱን ሳወጣ ለአንድ ዶሮ ከውስጥ 0.4 ካሬ ሜትር፣ ከውጭ መንቀሳቀሻው ላይ 1 ካሬ ሜትር ያዝኩ። ለ6 ዶሮ 2.4 ካሬ ሜትር ቤትና 6 ካሬ ሜትር መንቀሳቀሻ ማለት ነው። ይሄ ትንሹ ነው፤ ቦታ ያለው ሰው ይጨምር። ዶሮዎች ሲጨናነቁ ላባ መነጫጨት ይጀምራሉ። አንዴ የለመዱትን ማስተው ደግሞ በጣም ከባድ ነው።

ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ከፍ ማለት አለበት። ዶሮ ሲመሽ የምትፈልገው ያገኘችውን ከፍ ያለ ቦታ ነው። መጣያው ከቆጡ ከበለጠ እዚያው ታድራለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ኩስ ትጥልበታለች፤ በማግስቱ እንቁላሉ ይቆሽሻል። ቆጡን የሠራሁት 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለውና ጠርዙ ተልጎ ከለሰለሰ እንጨት ነው። ለአንዷ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይበቃታል። መጣያው በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነው፤ አንድ ሳጥን ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ ይሆናል። ክዳኑን ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጌ ሠራሁት። ይሄ ትንሽ ሥራ ነው፣ ጥቅሙ ግን በየቀኑ ነው። ለሥራ በለበስኩት ልብስ፣ ቤቱ ውስጥ ሳልገባ እንቁላሉን ሰብስቤ እሄዳለሁ።

አየር ማስወጫው ላይ ብዙ አሰብኩበት። ዶሮ ላባዋን ነፋ አድርጋ ብርድን በደንብ ትቋቋማለች። የምትጎዳው በእርጥበትና ከኩስ በሚወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ ከቆጡ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት ጎን ክፍተት ተውኩ። ነፋሱ ከጭንቅላታቸው በላይ ያልፋል እንጂ እነሱን አይመታም። ደህና መሆኑን የምለካው በአፍንጫዬ ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔን የሚቆጠቁጠኝ ነገር ካለ አየሩ አልበቃም ወይም ጉዝጓዙ ረጥቧል ማለት ነው።

ስለ ሽቦው ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ምክንያቱም ገንዘብ መቆጠብ የማይገባው እዚህ ላይ ነው። የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ስድስት ጎን ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳታል። አውሬውን ግን ከመግባት አያግደውም። ጠንካራ ውሻ ይበጥሰዋል፤ ሸለመጥማጥን የመሰለ አውሬ መግቢያ ካገኘ ደግሞ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። እኔ የተጠቀምኩት ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር የሆነውን፣ የተበየደውን ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ነው። በስቴፕል ብቻ አላመንኩትም፤ በላዩ ላይ ቀጭን ጣውላ ለብጬ በብሎን አሰርኩት። ከታች ደግሞ ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፌ መሬት ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘረጋሁትና አፈር አለበስኩት። ቆፋሪ አውሬ የሚቆፍረው ግድግዳው ሥር ነው። እዚያ ሽቦ ሲያጋጥመው ወደ ኋላ ርቆ መጀመር አይመጣለትም። ጉድጓድ ቆፍሮ ሽቦ ከመቅበር ይሄኛው መንገድ በጣም ይቀላል። ለበሩም ሁለት ዓይነት መዝጊያ አድርጌበታለሁ፤ አንዱ መቀርቀሪያ፣ ሌላው ክሊፕ ነው።

ወለሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ ጎዘጎዝኩ። በየሳምንቱ አገላብጠዋለሁ፣ ሲረጥብ ደረቅ እጨምርበታለሁ። ዶሮዎቹም እየጫሩ ያግዙኛል። በየቀኑ መጥረግ ቀረልኝ። ጉዝጓዙ ሲሞላ ሁሉም ወደ ብስባሹ ይሄዳል።

ውሃው ቀጥሎ መጣ። ክፍት ሳህን ላይ ዶሮ ትጭርበታለች፣ ትቆምበታለች፣ ኩስ ትጥልበታለች፤ ጠዋት የሞላችሁት ማታ ጭቃ ነው። ክዳን ያለው 20 ሊትር ባልዲ ወስጄ ከሥሩ በድሪል በስቼ ኒፕል ገጠምኩበት። ኒፕል በመንቁሯ ስትነካው ጠብ የሚል ትንሽ የብረት መክፈቻ ነው። አንድ ዶሮ በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ትጠጣለች፤ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። ለ6 ዶሮ ቢበዛ 3 ሊትር ብለን ብንይዝ፣ እሁድ ማታ የሞላው ባልዲ እስከ አርብ ይደርሳል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ኒፕል በጣቴ ነክቼ አያለሁ። ሊዘጋ ይችላላ። ውሃ ያጣች እንቁላል ጣይ ዶሮ ቶሎ መጣል ታቆማለች። ወደ ኒፕል ስታዞሯቸው ደግሞ አሮጌውን ሳህን ወዲያው አታንሱት። ሁሉም ከኒፕሉ ሲጠጡ እስክታዩ ድረስ ይቆይ።

ብስባሹ ለእኔ የጓሮው ልብ ነው። የዶሮ ኩስ በናይትሮጅን የበለጸገ ስለሆነ ትኩሱን ችግኝ ሥር ብታደርጉት ሥሩን ያቃጥላል። ሳልሞኔላን የመሰሉ ጀርሞችም ይኖሩታል። በደረቅ ቅጠልና በገለባ ተቀላቅሎ በደንብ ከበሰለ ግን የሚተካከለው ማዳበሪያ አላየሁም። የሚፈለገው ሚዛን በክብደት ለ1 ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ካርቦን (ደረቅ ነገር ውስጥ የሚበዛው) ነው። ማንም ጓሮው ውስጥ ይሄን አይመዝንም። ለአንድ ባልዲ ትኩስ ነገር፣ ማለትም ኩስ፣ አረምና የአትክልት ልጣጭ፣ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር እጨምራለሁ። ከዚያ በኋላ ክምሩ ራሱ ይናገራል። አሞኒያ ከሸተተ ደረቅ ነገር አንሶታል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፣ መገልበጥ አለበት። ዝም ብሎ ቀዝቅዞ ከተቀመጠ ወይ ደርቋል ወይ ትኩስ ነገር ጎድሎታል። እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ ይሁን፤ በእጅ ስትይዙት እርጥብ ነው፣ ግን አይንጠባጠብም።

መጠን ደግሞ ወሳኝ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ 1 ሜትር ያህል ያልሆነ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም። የሳጥን ቅርጽ ያላቸው ሁለት ማጎሪያዎች ጎን ለጎን ሠራሁ፤ ቅዳሜ ከአንዱ ወደ ሌላው እገለብጠዋለሁ። ጥሩ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሙቀቱ 55 ላይ ለቀናት ሲቆይ አብዛኛው ጀርምና የአረም ዘር ይሞታል። ግን ይሄ የሚሆነው መሀል ላይ ነው፤ ስለዚህ ስትገለብጡ የዳሩን ወደ መሀል አስገቡት። ረዥም ቴርሞሜትር ቢኖር ጥሩ ነው። ከሌለ የብረት ዘንግ ሰክታችሁ ከቆየ በኋላ አውጥታችሁ ንኩት። ጨብጦ ለማቆየት ካስቸገረ ክምሩ እየሠራ ነው።

ሙቀቱ ሲወርድ አልቋል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ለጥቂት ወራት ተውት። ያልበሰበሰ ፍግ በቀጥታ አፈር ውስጥ ለሚያስገባ ሰው የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሩ መለኪያ አለው። የሚበላው ክፍላቸው አፈር ለሚነካ ሰብሎች፣ እንደ ካሮትና ሰላጣ ላሉት፣ ፍጉ ከተጨመረበት እስከ መሰብሰቢያው ቢያንስ 120 ቀን መቆየት አለበት። ለሌሎቹ ደግሞ 90 ቀን። እኔ ሳይበሰብስ አላስገባም፣ ግን ቁጥሮቹን ማወቁ ይጠቅማል።

መደቦቹን በ1.2 ሜትር ስፋት ነው ያወጣሁት። ከሁለቱም ጎን እጄ መሀሉ ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ አፈሩን ረግጬ አላውቅም። ያልተረገጠ አፈር ውሃ ይጠጣል፣ ሥርም በቀላሉ ይወርድበታል። ከተተከለ በኋላ በገለባ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አለብሰዋለሁ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ ትንሽ ራቅ አድርጌ። በዚህ ምክንያት የሳምንቱ ውሃ ማጠጣትም አረም መንቀልም በጣም ቀነሰልኝ።

የጣሪያው ውሃ ሌላው ትልቅ እፎይታ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት ወደ 300 ሊትር ያወርዳል፣ ትንሽ ከሚባክነው በስተቀር። አሸንዳ ገጥሜ ወደ በርሜል አስገባሁት። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ እሱን ወደ ውጭ እንዲፈስ አደርገዋለሁ። አፉ በጥሩ ወንፊት መሸፈን አለበት፤ አለበለዚያ ትንኝ ይራባበታል። በርሜሉን በብሎኬት ከፍ አደረግኩት። ከውሃው ወለል እስከ መደቡ ያለው ከፍታ 1 ሜትር ሲሆን የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ የጠብታ መስመር (ውሃን ጠብ ጠብ እያደረገ የሚያጠጣ ቱቦ) ስትገዙ በዝቅተኛ ግፊት የሚሠራውን ለዩ። ለቧንቧ ግፊት የተሠራው በበርሜል ውሃ እኩል አያጠጣም።

ዶሮና ችግኝን የሚለይ አጥር ግዴታ ነው። አዲስ የተተከለ መደብ ውስጥ የገቡ ዶሮዎች ጭረው ለመገልበጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ምርቱ ከተሰበሰበ በኋላ ግን በሩን ከፍቼ እለቅቃቸዋለሁ። ትሉን ይለቅማሉ፣ የአረሙን ዘር ይለቅማሉ፣ አፈሩን ያገላብጣሉ። ኩሳቸው ትኩስ ስለሆነ ግን ከዚያ በኋላ መደቡን ከላይ እንዳልኩት ጊዜ እሰጠዋለሁ። ከጓሮ የሚተርፈውን ስትሰጧቸው ያልተቀቀለ ደረቅ ባቄላ፣ የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ እንዳይገባበት ተጠንቀቁ። መርዝነት አላቸው።

ሁለት ትንንሽ ሥራዎችንም ላንሳ። አንደኛው ጣሪያ ያለው የአፈር መታጠቢያ ነው። ደረቅ አፈርና አሸዋ የሞላበት ጥልቅ ሳጥን ይበቃል፤ እዚያ ተንከባለው ተባዩን ከላባቸው ያራግፋሉ። ሌላው ማታ በባትሪ የማደርገው ፍተሻ ነው። ቀዩ የዶሮ ተባይ ቀን ቀን እንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ዶሮዋን ብቻ ብታዩ ላታገኙት ትችላላችሁ። ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር አሽታችሁ እዩ፤ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ አለ ማለት ነው።

ሥራ ስከፋፍል የማልለቀው ደንብ አለኝ። የተጀመረው ሥራ ሁሉ እሁድ ማታ እንስሳቱ በሰላም በሚያድሩበት ደረጃ ላይ መቆም አለበት። ግድግዳ የማፈርሰው የሚተካው ቅዳሜ ጠዋት ተቆርጦ ከተዘጋጀ ነው። እንጨቱን የምለካውና ብሎኑን የምቆጥረው አርብ ማታ ነው። በእረፍት ቀን ሥራን የሚያጓትተው መሥራቱ ሳይሆን በመሀል የጎደለ ዕቃ ፍለጋ መውጣቱ ነው።

አሁን የያዝኩት ራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ የዶሮ በር ነው። ባትሪ፣ ትንሽ ሞተርና የብርሃን መለኪያ አለው። ዶሮዎች ሲመሽ ራሳቸው ስለሚገቡ በሩ ጨለማን ተከትሎ ቢዘጋ ሥራ ላይ ያመሸሁ ቀን አልጨነቅም። የሚዘጋበትን ሰዓት ግን ገና እያስተካከልኩ ነው። ለጊዜው ማታ ማታ አጠገቡ ቆሜ የመጨረሻዋ መቼ እንደምትገባ እጽፋለሁ፤ ቀድሞ የተዘጋ በር የዘገየችውን ዶሮ ውጭ ያስቀራታል። ሁሉም ከገቡ በኋላ በቂ ደቂቃ ጨምሬ እሞላዋለሁ። ባትሪው ሲደክም የሚጮህ ማስጠንቀቂያም የመጪው ቅዳሜ ሥራ ነው።